የዱር ተርኪና የፀደይ አደን፤ የጠፋ ወፍ እንዴት ተመለሰ?

መግቢያ

በአሜሪካ መካከለኛ ክፍል፣ ከሚዙሪ ግዛት በስተደቡብ በተዘረጉት የኦዛርክ ኮረብቶች ላይ የሚያዝያ ወር ሲገባ ጫካው ገና ቅጠሉን አውጥቶ አልጨረሰም። ጎሕ ከመቅደዱ በፊት አንድ አዳኝ ጀርባውን ለትልቅ የኦክ ዛፍ ሰጥቶ፣ ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። ሰማዩ ወገግ ማለት ሲጀምር ከአንድ ረጅም ዛፍ አናት ላይ የሚንደቀደቅ ከባድ ድምፅ ይሰማል። አዳኙ ከኪሱ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ያወጣና ክዳኑን በጠርዙ ላይ በቀስታ ይጎትተዋል። ከሣጥኑ የሚወጣው ድምፅ ቁርጥ የእንስት ተርኪ ድምፅ ነው። አውራው ከዛፉ ላይ ሆኖ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር የትዕግሥት ጉዳይ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ረፋድ ድረስ ይዘልቃል። ብዙውን ጊዜ አሸናፊው ወፉ ነው።

ይህ ትዕይንት ዛሬ በየዓመቱ በፀደይ ወራት በሺህ በሚቆጠሩ ጫካዎች ይደገማል። ከመቶ ዓመት በፊት ግን የዱር ተርኪ ድምፅ በአብዛኛው የአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ጨርሶ የማይሰማ ነበር። በመካከሉ የተፈጸመው ነገር የአንድ ወፍ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ አንድ ኅብረተሰብ ያጠፋውን ሀብት መልሶ ለማግኘት በሕግ፣ በገንዘብ፣ በሳይንስና በመሣሪያ ያደረገው ጥረት ታሪክ ነው። በጥረቱ ውስጥ አንድ ቀላል የምህንድስና ፈጠራ ታላቅ ድርሻ ስላለው፣ ለባለሙያ አንባቢ የሚነግረው ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወፉና ስሙ

የዱር ተርኪ የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው። በምሥራቁ የአሜሪካ ጫካ የሚኖረው ጎልማሳ አውራ ከ8 እስከ 11 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ላባው ከሩቅ ሲያዩት ጥቁር፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን የነሐስና የመዳብ ቀለም ነው። ራሱና አንገቱ ላባ የላቸውም፤ እንደ ስሜቱ ሁኔታ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ይሆናሉ። ከደረቱ መካከል ፀጉር የመሰለ ጺም ይወርዳል። ከእግሩ በስተኋላ የሚበቅለው ሹል ቀንድ ከዕድሜው ጋር ስለሚረዝም አዳኞች ዕድሜውን በዚሁ ይገምታሉ። ምንም እንኳ ከባድ ወፍ ቢሆን በፍጥነት ይሮጣል፣ ለአጭር ርቀትም በኃይል ይበርራል፣ ሌሊቱንም ከዛፍ ላይ ሰፍሮ ያሳልፋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የዓይኑ ጥራት ነው፤ የአንድ ጣት እንቅስቃሴ እንኳ አያመልጠውም።

የስሙ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ነው። አውሮፓውያን ይህን ወፍ ከማወቃቸው በፊት የሚያውቁት ከአፍሪካ የመጣውን ጅግራ ነበር። እንግሊዞች ጅግራን በቱርክ ነጋዴዎች እጅ ስላገኙት የቱርክ ዶሮ ይሉት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስፔናውያን የሜክሲኮ ሕዝብ ከብዙ ዘመን በፊት ያላመደውን የአሜሪካ ወፍ ይዘው ሲመለሱ፣ ሁለቱ ወፎች በስም ተደባለቁና የጅግራው ስም በአዲሱ መጤ ላይ ቀረ። ሳይንስም ከስሕተቱ አላመለጠም፤ ለተርኪ የተሰጠው ሜሌአግሪስ የተባለው የወገን ስም ጥንታውያን ግሪኮች ጅግራን ይጠሩበት የነበረው ስም ነው። ቱርኮች ራሳቸው ወፉን ሂንዲ፣ ማለትም ህንዳዊ ይሉታል፤ ፖርቱጋሎች ደግሞ ፔሩ ይሉታል። ስለዚህ ከአሜሪካ በቀር በየአገሩ ስም የተጠራ አሜሪካዊ ወፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚሁ ወፍ በሰፊው የሚነገር አንድ ተረት አለ። ይኸውም ቤንጃሚን ፍራንክሊን የአሜሪካ መለያ ንስር ሳይሆን ተርኪ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቦ ነበር የሚለው ነው። እውነቱ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ፍራንክሊን እንዲህ ያለ ሐሳብ ለመንግሥት አላቀረበም። በ1784 ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ ግን ንስርን በምግባሩ ነቅፎ፣ ተርኪ ከእርሱ ይልቅ የተከበረና እውነተኛ የአገሩ ተወላጅ መሆኑን በግማሽ ቀልድ ገልጿል።

የብዛትና የጥፋት ዘመን

አውሮፓውያን ሠፋሪዎች በደረሱ ጊዜ የዱር ተርኪ ኋላ 39 ግዛቶች በሆኑት አገሮች ይኖር ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኬንታኪ ግዛት የኖረው ታዋቂው የአእዋፍ ሠዓሊ ጆን ጄምስ ኦዱቦን የወፉን ብዛት በዓይኑ ካዩት አንዱ ነው። በ1827 መታተም የጀመረው የታላቁ ሥራው የመጀመሪያ ሥዕል የአውራ ተርኪ ሥዕል ነው። ኦዱቦን እንደመዘገበው በዚያ ዘመን የተርኪ ዋጋ ከቤት ዶሮ ዋጋ ያነሰ ነበር፤ ከ11 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን ምርጥ ወፍ በሩብ ዶላር ከተሸጠ ባለቤቱ ደህና ሸጥሁ ይል ነበር።

ኦዱቦን የገለጸው የወጥመድ አሠራር ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ገበሬዎች ቀጫጭን ግንዶችን እርስ በርስ ደርድረው ጣራ ያለው በረት ይሠራሉ። ከዚያም ከውጭ ተነሥቶ በግድግዳው ሥር አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባ ቦይ ይቆፍራሉ። በቦዩና በዙሪያው ባለው ጫካ የበቆሎ ፍሬ ይበተናል። ወፎቹ አንገታቸውን ደፍተው ፍሬውን እየለቀሙ በቦዩ በኩል ወደ በረቱ ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ግን አንገታቸውን ቀና አድርገው መውጫ የሚፈልጉት በግንዶቹ መካከል በሚታየው ብርሃን በኩል ነው፤ የገቡበት ቦይ ከእግራቸው ሥር ክፍት ሆኖ ሳለ ጎንበስ ብለው አያዩትም። ኦዱቦን ራሱ በየቀኑ ይጎበኘው ከነበረ አንድ በረት በሁለት ወር ገደማ ውስጥ 76 ተርኪ መያዙን ጽፏል። ብዙ ባለ ወጥመዶች ግን በረታቸውን በጊዜው ስለማይጎበኙ ወፎቹ በውስጡ በረሀብ ያልቁ ነበር።

ወጥመዱ ከጥፋቱ ምክንያቶች አንዱ ብቻ ነበር። ሥጋውን ለከተማ ገበያ የሚያቀርቡ አዳኞች በማናቸውም ወራት፣ ወንድ ሴት ሳይሉ፣ ወፎቹ ሌሊት በሰፈሩበት ዛፍ ሥር እየሄዱ ይገድሉ ነበር። ከዚህም የከፋው የጫካው መመንጠር ነው። የምሥራቁ ደን ለእርሻ፣ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለባቡር ሐዲድ ጋድም እየተቆረጠ ሲያልቅ ወፉ መስፈሪያም ምግብም አጣ። በኮኔቲከት ግዛት የዱር ተርኪ በ1813 ገደማ ጠፋ፤ በማሳቹሴትስ የመጨረሻው በ1851 ተገደለ። በ1904 በኒው ዮርክ ከተማ የተገኘው የቼስትነት ዛፍ በሽታም በሚቀጥሉት ዐሥርታት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን አጥፍቶ፣ ወፉ በመኸርና በክረምት ይመገበው ከነበረው ፍሬ ታላቁን ክፍል ወሰደበት። በ1920 የዱር ተርኪ ከቀድሞዎቹ 39 ግዛቶች በ18ቱ ፈጽሞ አልነበረም። በቀሩትም ቢሆን የተረፈው ሰው በማይደርስባቸው ተራሮችና ረግረጋማ ደኖች ውስጥ ብቻ ነበር።

የሕግና የገንዘብ መሠረት

የመጀመሪያው መከላከያ ሕግ ነበር። የአዮዋው ተወካይ ጆን ሌሲ ያቀረበውና በ1900 የጸደቀው ሕግ፣ ከአንድ ግዛት ሕግ ውጭ የታደነ እንስሳ ወደ ሌላ ግዛት ተጓጉዞ እንዳይሸጥ ከለከለ። ይህም የሥጋ ገበያውን አከርካሪ መታ። ሆኖም የሌሲ የትውልድ ግዛት ባይሆንም የኖረበትና የወከለው አዮዋ የራሱን የዱር ተርኪዎች ለማዳን ሕጉ ዘግይቶበት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈጽሞ አጥቷቸዋል።

ሕግ ጥፋትን ይገታል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ለመመለስ ገንዘብና ዕውቀት ያስፈልጋል። የገንዘቡ መሠረት የተጣለው በሴፕቴምበር 2 ቀን 1937 በጸደቀውና በሁለቱ አቅራቢዎቹ በሴናተር ኪ ፒትማንና በቨርጂኒያው ተወካይ በዊሊስ ሮበርትሰን ስም በሚጠራው ሕግ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት በአደን ጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ቀረጥ፣ ዛሬ ከመቶ 11 የሆነው፣ ለዱር አራዊት ጥበቃ ብቻ እንዲውል ተደረገ። የፌዴራሉ መንግሥት ለአንድ ሥራ ከሚወጣው ወጪ ሦስት አራተኛውን ሲሸፍን ግዛቱ አንድ አራተኛውን ይችላል። ከሁሉ የላቀው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ አንድ ግዛት ከአደን ፈቃድ የሚሰበስበውን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ እንዳያውለው በሕግ ካላገደ በቀር ከዚህ ቀረጥ ድርሻ አያገኝም። በዚህም ምክንያት አዳኙ የሚከፍለው ገንዘብ ወደ መንገድ ሥራ ወይም ወደ ሌላ በጀት ሳይፈስ ወደ ጫካው ተመለሰ። ዘላቂ ሥራ ዘላቂ የገቢ ምንጭ እንደሚያስፈልገው ይህ ምሳሌ በግልጽ ያሳያል።

በዚሁ ጊዜ ተፈጥሮ ራሷ ረዳች። በምሥራቁ ክፍል መሬታቸው የደከመባቸው ገበሬዎች እርሻቸውን እየተዉ ሲሄዱ፣ በተለይም ከ1929 የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ፣ የተተወው ማሳ ቀስ በቀስ ተመልሶ ደን ሆነ። ቤቱ እንደገና ተሠራ ማለት ነው፤ የጎደለው ነዋሪው ብቻ ነበር።

የተሳሳተው መንገድ

ወፉን ለመመለስ መጀመሪያ የተመረጠው ዘዴ ለአእምሮ የቀለለው ነበር። ተርኪ ከጥንት ጀምሮ በቤት የሚረባ ወፍ ስለሆነ፣ እንቁላሉን በመሣሪያ አስፈልፍሎ፣ ጫጩቱን በአጥር ውስጥ አሳድጎ፣ ሲደርስ በጫካ መልቀቅ በቂ መስሎ ታየ። ፔንሲልቬንያ በ1930 ለዚሁ ተግባር የርቢ ጣቢያ አቋቁማ ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል ሠራችበት። ሌሎችም ግዛቶች ተከተሉ። እጅግ ብዙ ወፎች ተለቀቁ፤ ከእነርሱ ውስጥ በሕይወት ቆይተው ዘር የተኩት ግን ጥቂቶች ነበሩ።

ምክንያቱን በጥናት ከገለጹት አንዱ የታወቀው የተፈጥሮ ጥበቃ ሊቅ የአልዶ ሊዮፖልድ ልጅ ስታርከር ሊዮፖልድ ነው። ይህ ተመራማሪ በሚዙሪ የዱር፣ የድቅልና የቤት ተርኪዎችን አነጻጽሮ በ1944 ባሳተመው ጥናት፣ ዱርነት ከአስተዳደግ ብቻ የሚገኝ ጠባይ ሳይሆን በዘር የሚወረስ መሆኑን አሳየ። የዱሩ ወፍ አንጎልና የሰውነቱን ንቃት የሚቆጣጠሩት ዕጢዎች ከቤቱ ወፍ የበለጡ ናቸው። የዱር እናት አደጋ ስታይ በምታሰማው ድምፅ ጫጩቶቿ ወዲያው ተበታትነው ይደበቃሉ፤ የድቅሎቹ ጫጩቶች ግን እንዲህ ያለውን ፈጣን ምላሽ አያሳዩም። በአጥር ውስጥ ያደገ ወፍ ደግሞ እናት ስለሌለው ይህን ትምህርት የሚያገኝበት መንገድ የለውም።

ውጤቱ ግልጽ ቢሆንም የርቢ ጣቢያዎቹ ወዲያው አልተዘጉም። በየዓመቱ የተለቀቁት ወፎች ቁጥር በሪፖርት ላይ ሲታይ የሥራ ፍሬ ይመስል ነበር። የተለቀቀውን መቁጠር ቀላል ነው፤ የተረፈውን መቁጠር ግን ከባድ ነው። አንድን ሥራ በወጣው ወጪና በተፈጸመው ድርጊት ብዛት እንጂ በተገኘው ውጤት አለመመዘን ምን ያህል ዓመታት እንደሚያባክን የተርኪው ርቢ ጣቢያ ታሪክ ጥሩ አስረጂ ነው።

የመድፍ መረብ

መፍትሔው በቅርብ ነበር፤ በተራሮቹና በረግረጎቹ የተረፉትን እውነተኛ የዱር ወፎች ሳይገድሉ ይዞ ወደ ባዶው ደን ማዛወር ነው። ችግሩ አያያዙ ላይ ነበር። የኦዱቦን ዘመን የግንድ በረትና ከላይ የሚወድቁ መረቦች ቢሞከሩም፣ ለዘመናት በሰው የተሳደደውና ከሞት ያመለጠው ወፍ ዘር እጅግ ጠርጣራ ሆኖ ነበርና ወደ ማናቸውም እንግዳ ነገር አይጠጋም።

በ1940ዎቹ መጨረሻ በሚዙሪ የስዋን ሌክ የዱር አራዊት መጠበቂያ ይሠሩ የነበሩት ኸርበርት ዲልና ባልደረባው ቶርንስቤሪ የውኃ ወፎችን ለመያዝ አንድ መሣሪያ ሠሩ። አሠራሩ በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው። ሰፊ መረብ እንደ መጋረጃ ተጣጥፎ በአንድ ቀጥተኛ መስመር መሬት ላይ ይቀመጥና በቅጠል ይሸፈናል። የኋላው ጠርዝ በካስማ ይታሰራል። የፊቱ ጠርዝ ደግሞ በገመድ ከከባድ የብረት አረሮች ጋር ይያያዛል፤ አረሮቹም መሬት ላይ አጋድመው በተተከሉ አጫጭር የመድፍ ቱቦዎች ውስጥ ይገባሉ። በየቱቦው ውስጥ ባሩድ አለ። ከሩቅ በዳስ ውስጥ የተደበቀው ሠራተኛ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሲያገናኝ ባሩዱ ይቀጣጠላል፣ አረሮቹ መረቡን እየጎተቱ በወፎቹ ላይ አሳልፈው ይወረውሩታል። ከተኩሱ እስከ መያዙ ያለው ጊዜ ወፉ ክንፉን ዘርግቶ ለመነሣት ከሚፈልገው ጊዜ ያነሰ መሆን አለበት።

ሐሳቡ ቀላል ቢሆንም ዝርዝሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቱቦዎቹ በአንድ ቅጽበት ካልተኮሱ መረቡ ይጠማዘዛል። ባሩዱ ካነሰ መረቡ ሳይደርስ ይወድቃል፤ ከበዛ ገመዱ ይበጠሳል። የቱቦው ማዕዘን ዝቅ ካለ አረሩ ወፉን ይመታል፤ ከፍ ካለ ወፉ ከሥሩ ያመልጣል። ስለዚህም ሠራተኛው ወፎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው በቆሎ የሚለቅሙበትን ቅጽበት ይጠብቃል። አንድ ቀና ያለ አንገት ካለ አይተኮስም። ወፎቹን ወደ ቦታው ለማስለመድ ብቻ በክረምቱ ቅዝቃዜ፣ ሌላ ምግብ በሚጠፋበት ወራት፣ ለብዙ ቀናት በቆሎ መበተን ያስፈልግ ነበር።

በ1951 ይህ መሣሪያ በደቡብ ካሮላይና በፍራንሲስ ማሪየን ብሔራዊ ደን ለዱር ተርኪ ዋለ፤ ሠራም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛመተ፣ በኋላም መድፉ በትንንሽ ሮኬቶች ተተካ። የተያዘው ወፍ በእግሩ ላይ የቁጥር ቀለበት ይደረግለትና ለዚሁ በተዘጋጀ የካርቶን ሣጥን ውስጥ ለየብቻው ተደርጎ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ በአዲሱ ጫካ ይለቀቃል። ለአንድ ቦታ የሚያስፈልጉት ወፎች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ እንስቶች የሆኑ ሃያ የማይሞሉ ወፎች በቂ ሆነው ተገኙ። በርቢ ጣቢያ በሺህ በሚቆጠር ወፍ ያልተቻለው በሃያ የዱር ወፍ ተቻለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በኦዱቦን ዘመን ወፉን ለዕርድ ይስብ የነበረው የበቆሎ ፍሬ ነበር፤ ወፉን ለማዳንም የረዳው ያው የበቆሎ ፍሬ ነው። የጠመንጃ ባሩድ እጅግ ብዙ ተርኪ ገድሎ ነበር፤ መረቡንም የወረወረው ባሩድ ነው። መሣሪያ ጠባይ የለውም፤ ጠባይ የሚሰጠው የያዘው እጅ ነው።

ፀደይ ስለ ምን ተመረጠ?

የተመለሰውን ወፍ እንደገና ላለማጥፋት አደኑ በምን ሥርዓት ይፈጸም የሚለው ጥያቄ ተከተለ። በጥንቱ ልማድ ተርኪ በብዛት የሚታደነው በመኸር ነበር። ያን ጊዜ ወንዱም ሴቱም ስለሚገደል የእናቶች ቁጥር ይቀንሳል፣ ጉዳቱም ለመጪው ዓመት ይተርፋል። በደቡብ ግዛቶች ግን አውራውን በፀደይ በድምፅ እየጠሩ የማደን የቆየ ልማድ ነበር። ይህ ልማድ ከወፉ የመራቢያ ጠባይ ጋር ሲገናዘብ የተሻለ መሠረት እንዳለው ታየ።

አንድ አውራ ከብዙ እንስቶች ጋር ይገናኛል። እንስቲቱ አንድ ጊዜ ከተገናኘች በኋላ ለሳምንታት ያህል ፍሬያማ እንቁላል ትጥላለች። ከ10 እስከ 12 የሚሆን እንቁላል ጥላ 28 ቀን ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቹንም የምታሳድገው ብቻዋን ነው። አውራው በዚህ ሥራ አንዳች ድርሻ የለውም። እንግዲህ የግንኙነቱ ጊዜ ካለፈና እናቶቹ ከታቀፉ በኋላ የተወሰኑ አውራዎች ቢታደኑ የሚመጣውን ትውልድ አይነካም የሚል መደምደሚያ ተደረሰ። በዚህ ምክንያት አዳኙ የሚፈቀድለት ጺም ያለውን ወፍ ብቻ እንዲሆን፣ በብዙ ግዛቶችም እናቶች በጎጇቸው እንዳይታወኩ አደኑ በቀትር ወይም በዚያ ገደማ እንዲቆም ተደነገገ።

ሚዙሪ ለዚህ ምሳሌ ናት። በ1930ዎቹ መጨረሻ አደኑን ዘግታ፣ ከ1954 ጀምሮ የራሷን የዱር ወፎች እየያዘች ወደ ባዶ ደኖቿ አዛወረች። በ1960 በ14 አውራጃዎች ለ3 ቀን ብቻ የመጀመሪያውን የፀደይ አደን ስትፈቅድ የታደኑት አውራዎች 94 ነበሩ። በ2004 የአንድ ፀደይ ቁጥር ከ60,000 በላይ ደረሰ። ሚዙሪ ከዚህም አልፋ ለሌሎች ግዛቶች የዘር ምንጭ ሆነች፤ በ1960ዎቹ የጆን ሌሲን አዮዋ እንደገና የዱር ተርኪ ባለቤት ካደረጉት ወፎች ብዙዎቹ የሚዙሪ ወፎች ናቸው።

በማሳቹሴትስ ደግሞ በ1972 እና በ1973 ከኒው ዮርክ ግዛት የመጡ 37 ወፎች በምዕራቡ ተራራማ ክፍል ተለቀቁ። በ1980 የፀደይ አደን ተከፈተ፤ ዛሬ የእነዚያ ወፎች ዘሮች በቦስተን ከተማ ዳርቻዎች መኪና አቁመው መንገድ ሲያቋርጡ ይታያሉ። በ1973 የተቋቋመው ብሔራዊ የዱር ተርኪ ፌዴሬሽንም አዳኞችንና ባለሙያዎችን በአንድ ማኅበር አሰባስቦ የማዛወሩን ሥራ ረዳ። የዱር ተርኪ ዛሬ ከአላስካ በቀር በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ይገኛል፤ በ21ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ቁጥሩ ከ6 ሚሊዮን ተኩል በላይ እንደነበረ ይገመታል።

የመጥሪያው ብልሃት

በፀደይ አደን አዳኙ ወፉን አይከተልም፤ ወፉ ወደ አዳኙ እንዲመጣ ያደርጋል። በተፈጥሮ ሥርዓት ግን አውራው ጭራውን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ይቆማል፤ እንስቲቱ ትሄድለታለች። አዳኙ የሚጠይቀው የዚህን ተቃራኒ ነው። የአደኑ ክብደት ከዚህ ይመነጫል፤ አውራው ከሰማው ድምፅ አቅጣጫ እንስቲቱን በዓይኑ ካላየ ብዙ ጊዜ በሩቁ ቆሞ ይቀራል።

የአሜሪካ ጥንታውያን ነዋሪዎች ከራሱ ከተርኪው የክንፍ አጥንት መጥሪያ ይሠሩ ነበር። በጃንዋሪ 5 ቀን 1897 የአርካንሳው ሄንሪ ጊብሰን የባለ ክዳን ሣጥን መጥሪያን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሣጥኑ ቀጫጭን የእንጨት ግድግዳዎች አሉት፤ ክዳኑ በአንድ ጫፍ በሚስማር ተይዞ ጠመኔ ከተቀባ በኋላ በግድግዳው ጠርዝ ላይ ይፈገፈጋል። ክዳኑ በጥቂቱ ይይዛል፣ ከዚያ ይንሸራተታል፤ ይህ መያዝና መንሸራተት በሰከንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ግድግዳው ይርገበገብና ድምፅ ይሰጣል። የማሲንቆ ቀስት በጭራው ላይ ሲሄድ የሚሆነውም ይኸው ነው። ለግድግዳው ብዙ ጊዜ ከሚመረጡት እንጨቶች አንዱ የምሥራቅ አሜሪካ ጥድ ነው፤ እርሱም በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው ጥድ የቅርብ ዘመድ ነው።

ብልሃቱ አደጋም አለው። የወፉን ድምፅ አስመስሎ የሚጠራ፣ ልብሱም ከጫካው ጋር የሚመሳሰል ሰው ሌላ አዳኝን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ አዳኞች ከአውራው ራስ ቀለማት፣ ከቀይ፣ ከነጭና ከሰማያዊ፣ አንዱንም እንዳይለብሱ፣ ከሰውነታቸው የሰፋ ዛፍ እንዲደገፉ፣ ጺሙን በግልጽ ሳያዩ እንዳይተኩሱ ይማራሉ።

የዛሬው ጥያቄ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ በደቡብ ምሥራቅና በመካከለኛው ክፍል የወፉ ቁጥር እየቀነሰ ነው። በመኸር ወራት ከአንዲት እናት ጋር የሚታዩት ጫጩቶች ቁጥር ከቀድሞው አንሷል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የጎጆ አራዊት፣ የደንና የሣር መሬት መለወጥ፣ በጫጩት ወራት የሚጥል ዝናብ ሁሉ ይጠቀሳሉ።

ከእነዚህም ጋር ራሱ የፀደይ አደን ይመረመራል። በአንዳንድ ግዛቶች አደኑ የሚከፈተው ግንኙነቱ ሳያልቅ ነበር። በአንድ ሠፈር የበላይነት ያለው አውራ ቀድሞ ከተገደለ ቦታውን ሌላው እስኪተካ ድረስ የእንስቶቹ ግንኙነት ሊዘገይ ይችላል የሚል ሥጋት በተመራማሪዎች ተነሥቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች የዚህን ውጤት ክብደት ይጠራጠራሉ፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ቢሆንም ጆርጂያ በ2022 የአደኑን መክፈቻ ወደ ኤፕሪል መባቻ አዘግይታ፣ ለአንድ አዳኝ የሚፈቀደውን ከ3 ወፍ ወደ 2 ቀንሳለች። ሌሎችም ግዛቶች ተመሳሳይ ርምጃ ወስደዋል።

ከዚህ የሚታየው በ1960 ትክክል የነበረው ስሌት ስሕተት መሆኑ አይደለም። ስሌቱ የቆመው እናቶች ከታቀፉ በኋላ ይታደን በሚል ሁኔታ ላይ ነበር። ወፉ ሲበዛ ሁኔታው ተረሳ፣ ቀኑም ቀስ በቀስ ወደ ፊት ተጎተተ። የደህንነት መለኪያው ቁጥር ቀርቶ ሕንፃው ሲቆም የሚያዩ ሰዎች መለኪያውን ትርፍ ነገር አድርገው እንደሚያዩት ማለት ነው።

መደምደሚያ

የዱር ተርኪ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያስገነዝባል። አንደኛ፣ የጠፋው ሊመለስ የቻለው ጥቂት እውነተኛ ዘር በመትረፉ ነው፤ በተራራና በረግረግ የተደበቁት ወፎች አልቀው ቢሆን ኖሮ ሕጉም፣ ገንዘቡም፣ መረቡም አንድ ወፍ ሊመልስ ባልቻለ ነበር። ሁለተኛ፣ ቀላሉ መንገድ ሁልጊዜ አጭሩ መንገድ አይደለም፤ የርቢ ጣቢያዎቹ ዓመታት ይህን ይመሰክራሉ። ሦስተኛ፣ አንድ ሀብት ተመለሰ ተብሎ የሚዘጋ መዝገብ የለም፤ በየዓመቱ መቁጠርና በቆጠራው መሠረት መታረም ያስፈልጋል።

በሚመጣው ሚያዝያ በኦዛርክ ኮረብቶች ላይ ጎሕ ሲቀድ አዳኙ ሣጥኑን ከኪሱ ያወጣል። ከዛፍ አናት የሚመጣው መልስ የአያቶቹ ዘመን ያጣው፣ የአባቶቹ ዘመን መልሶ ያገኘው ድምፅ ነው። ለልጆቹ መድረሱ ግን አዳኙ ዛሬ በሚተኩሰው ብቻ ሳይሆን ሳይተኩስ በሚያሳልፈውም ጭምር ይወሰናል።